የጋሽ ደባልቄ ከርከሮ

ጋሽ ደባልቄ ቁጡ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ላማው ፈልጌ አይደለም። ራሱ ቢያነበውና ይህ ተዘሎ ቢያገኘው "ምነው ማስረሻ፣ ስለ ሌላ ሰው ነው እንዴ የጻፍከው?" ይለኝ ነበር። አሶሳ ላይ አብረን ባስተማርንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በስውር "ሚጥሚጣ" ይሉታል። የሚያስተምረው ሒሳብ ነው። አንዱ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የመደመር ምልክት ወደ ማዶ ሲሻገር መቀነስ እንደሚሆን ከረሳ፣ ጠመኔው ከጋሽ ደባልቄ እጅ ተፈናጥሮ መስኮት ላይ ያርፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያንኑ ልጅ ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ የራሱን እርሳስ ሰጥቶ፣ ከሀ እስከ ፐ ሲያስረዳው ታገኙታላችሁ። ክፋት የሚባል አልፈጠረበትም። ጣጣው ያለው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አሶሳ የገባሁት በ1989 ዓ.ም. ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ማኅተም እንጂ ወንበር ያልደረሰው ቢሮ ሞልቷል፤ ኃላፊውም ጸሐፊውም በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ይሠራሉ። እኔ ሙቀቱን፣ ትንኙን፣ ደመወዙን እየተራገምኩ ስኖር ጋሽ ደባልቄ ይስቅብኛል። "አንተ እንግዳ ነህና አማርር፤ እኔ ያለሁት በገዛ ክልሌ ነው" ይላል። አገሩ ቡለን ነው፣ መተከል። እውነቱን ነው፣ ክልሉ አንድ ነው። ነገር ግን መሐል ላይ ዓባይ አለ። ቡለን ለመድረስ ከአሶሳ ተነስቶ መንዲ፣ ጊምቢ፣ ነቀምት፣ ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ ቻግኒ ድረስ መዞር አለበት። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ሦስት ቀን፣ ዝናብ ከሆነ እግዜር ያውቃል። ደብዳቤማ ከዚህም የባሰ ይዞራል፤ አዲስ አበባን ሳይሳለም ቡለን አይገባም። "በገዛ ክልልህ ነው ያለኸው?" እለዋለሁ፣ ይናደዳል፣ እስቃለሁ።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው እስከዳር አራት ዓመት ሲሞላት ነው። ልጅቱን ብቻውን አሳደጋት። ፀጉሯን ራሱ ይሠራላት ነበር፤ ሲሠራም መስመሩን በማስመሪያ ያወጣው ይመስል ቀጥ ያለ ነው። እኔ ጎረቤታቸው ሆኜ በአንድ የቀርከሃ አጥር ግቢ ስገባ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ካርዶቹ የመጡት በ1993 ዓ.ም. ነው። ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው አገሩ ሲገባ መጻሕፍቱን ለትምህርት ቤታችን ሰጠ። ከሳጥኑ ሥር አርባ አንድ ካርዶች ወጡ። በእያንዳንዱ ላይ ክንፍ ያለው ወይም እሳት የሚተፋ አንድ ጉድ ተስሏል፣ በጥጉ ቁጥር አለበት፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ደቃቅ ጽሑፍ። የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ሂባ፣ የአሶሳ ተወላጅ በርታ ናት፣ አገላብጣ አይታ "ይሄ ሰይጣን ነው ጨዋታ ነው፣ አላውቅም። ቁጥር ስላለው ለኡስታዝ ይሁን" ብላ ለጋሽ ደባልቄ ሰጠችው። ኡስታዝ፣ መምህር ለማለት፣ የምትለው እሱን ነው፤ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሥዕሉን አይቶ ያስቀምጠው ነበር። ጋሽ ደባልቄ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ እየተቀመጠ አርባ አንዱንም በግራፍ ወረቀት ላይ ዘረዘራቸው። እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ ደቃቁን ጽሑፍ እተረጉምለታለሁ። ካርዶቹ ለጨዋታ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለት ተጫዋቾች ፍጥረታቱን ያዋጋሉ። ተጫዋቹ ሲጠራቸው የሚያስከፍሉት ቁጥር አለ፣ የሚመቱበት ቁጥር አለ፣ የሚችሉበት ቁጥር አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን በጡጫ ደበደበው። ደስ ሲለውም እንደዚያው ነው።

"እየው እዚህ ጋ" አለኝ። "ቁጡዎቹን ለይቻቸዋለሁ። ርካሽ ናቸው፣ ቶሎ ይመጣሉ፣ ምታቸው ከባድ ነው። ግን ሁሉም አንድ ሕመም አለባቸው። አንዱ ቆዳው ስስ ነው፤ ሲነኩት ይሞታል። አንዱ ቢፈልግም ባይፈልግም በየዙሩ መውጣት አለበት። አንዱ ቤት መጠበቅ አይችልም። አንዱ ሲጠራ የገዛ ጌታውን ያቆስላል። ይህን የሠራው ሰው ቁጣን በነፃ ለማንም አልሰጠም፣ ማስረሻ። አንዲት ካርድ እንኳ አላለፈችውም።"

"አንተን ቢሠራህ ምን ያደርግህ ነበር?" አልኩት።

"ደመወዝ ያሳጣኝ ነበር" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ የራሱን ጨዋታ ሠራ። ክንፍ ያለውን ጉድ ሁሉ ትቶ የምናውቃቸውን አውሬዎች ወሰደ። የጠመኔ ካርቶን ቆርጦ፣ እስከዳር ሥዕሉን እየሳለች፣ ስልሳ ካርድ አወጡ። ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ካርድ ይይዛሉ፣ ሃያ ስንጥር ቀርከሃ ፊታቸው ይደረድራሉ። ስንጥሩ አጥራቸው ነው፤ አጥሩ ያለቀበት ተሸነፈ። አውሬ ለመጥራት መኖ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር አንድ መኖ አለህ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እንዲያ እያለ ይጨምራል። ከካርዱ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ የሚፈጀው መኖ፣ ቀንዱ፣ ቆዳው። ቀንዱ የሚወጋበት፣ ቆዳው የሚችልበት ነው። ለመውጋት የወጣ አውሬ በዚያ ዙር አጥር አይጠብቅም።

"ንብ ምን ቀንድ አላት?" ብዬ ብጠይቀው "ተነድፈህ አታውቅም ማለት ነው" ብሎ ዘጋኝ። ንቧ አንድ መኖ ትፈጃለች፣ ቀንዷ ሦስት ነው፣ ነድፋ ትሞታለች። ጉንዳኑ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሁለት ሲሆን፣ ሦስት ሲሆን፣ እርስ በርሱ ቀንድ ይጨማመራል። ጎሹ ከፊቱ የቆመውን ጥሶ የተረፈው ጉልበት አጥር ይሰብራል። ከሁሉ የሚወደው ግን ከርከሮውን ነበር። ሁለት መኖ፣ ቀንዱ አራት፣ ቆዳው አንድ። ከሥሩ በጋሽ ደባልቄ የእጅ ጽሑፍ "ከወጣ በየዙሩ መውጋት ግዴታው ነው፤ ካልወጋ ይሞታል" የሚል አለበት።

ሂባ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣች ትጫወት ነበር። በመጀመሪያው ቀን በአንበሳው የተነሳ ተጣሉ። ጋሽ ደባልቄ ለአንበሳ ሲደርስ ሕጉን ሁሉ ረስቶ ቀንዱን ስድስት፣ ቆዳውን ስድስት፣ መኖውን ሦስት ብቻ አድርጎት ነበር።

"ኡስታዝ፣ ይሄ አንበሳ ጥሩ አይደለም" አለችው። "ጥርስ አለው፣ ቆዳ አለው፣ ትንሽ ደግሞ ይበላል። ማን ነው እንደዚህ አውሬ ያየው? እሱ ከመጣ ጨዋታ ኸላስ። ሌላ ካርድ ለምን ሳልክ?"

"አንበሳ ነዋ" አለ፣ ፊቱ መቅላት ጀምሯል።

"አንበሳ ቢሆንስ? አንበሳ አይራብም?"

ካርዱን ሰብስቦ ተነስቶ ወጣ። ግማሽ ሰዓቷ ስታልፍ ተመልሶ ከአንበሳው ሥር "በየዙሩ ሁለት መኖ ካላገኘ ከጌታው አውሬዎች አንዱን ይበላል" ብሎ ጻፈ። ሂባ አንብባ "እንደዚህ አንበሳ አውቃለሁ" አለች። እስከዳር በሳቅ ሞተች።

እስከዳር ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። ሂባ "እስከዳር አደገኛ ነው፣ አይቸኩልም" ትላለች፤ በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንድ ነው። አባትየው በሁለተኛው ዙር ከርከሮውን ያወጣና ይወጋል፣ ይወጋል፣ በሰባተኛው ዙር አጥሩ አልቆ ያገኘዋል። "አባዬ፣ ከርከሮህ ሲወጣ አጥርህን ማን ይጠብቃል?" ትለዋለች። "እኔ ቀድሜ ካፈረስኩብሽ ማን ያፈርስብኛል?" ይላል። ትስቃለች፣ ይበግናል፣ እንደገና ያንኑ ይጫወታል። እንዲህ ያለ ሰው ለምን እንደዚያ ዓይነት ካርድ በደንብ መሥራት እንደቻለ ያኔ አልገባኝም ነበር። ሕጉን ያውቀዋል፤ ሊኖርበት ነው ያልቻለው።

በ1995 ዓ.ም. መስከረም ላይ የዐሥረኛ ክፍል ውጤት መጣ። እስከዳር መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አመጣች። ጋሽ ደባልቄ በልቡ መሐንዲስ አድርጓት አድሮ ነበር። እሷ ግን ነርስ መሆን ነው የፈለገችው፤ እናቷ የሞተችው ሐኪም ባልነበረበት ቦታ ሁለተኛ ልጅ ስትወልድ ነውና ለምን እንደሆነ ማንም ሊጠይቃት አይገባም ነበር። ፈርታው ሳትነግረው ከጤና ማሠልጠኛ ፎርም ወሰደች፣ ሞላች፣ የወላጅ ፊርማ የሚለውን ባዶ ትታ እኔ ዘንድ አስቀመጠች። "ጋሽ ማስረሻ፣ ደስ ያለው ቀን አስፈርምልኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ፎርሙን መምህራን ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼ ወጣሁ። የዚህ ነገር ጥፋት ሲቆጠር የእኔም ድርሻ አለበት።

ተመልሼ ስገባ እስከዳር በሩ ላይ ቆማለች፣ ዐሥር መምህራን ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ደባልቄ ፎርሙን ይዞ ቆሟል። "ደብቀሽኝ?" አለ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ቀደደው። አንዴ ቀድዶ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እያጠፈ አራት ጊዜ ቀደደው። "እናትሽ ብትኖር ታፍርብሽ ነበር" አላት። እስከዳር አላለቀሰችም። በነጋታው የሰፈር ሹፌር ለምና ነቀምት ሄደች፣ ከዚያ ቡለን፣ አክስቷ ጸሐይ ቤት ገባች። ግማሽ ሰዓቷ ስታልፍ የተቆጣውን ልጅ ዛፍ ሥር አስቀምጦ የሚያስረዳው ሰው፣ በዚህኛው ጊዜ የሚያስረዳት ልጅ አጣ።

ሰባት ወር አልጻፈላትም፣ አልጻፈችለትም። እኔና ሂባ ብንለምነው "እኔ አባት ነኝ፣ እሷ ትጻፍ" ይላል። ግን ከሳ። ፀጉሩን መቆረጥ ተወ። አንድ ሚያዝያ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ካርዶቹን በሁለት ከፍሎ ሲያስር አገኘሁት። ሠላሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ ላከላት። አብሮ የላከው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። "አንደኛ ዙር። አንድ መኖ አለኝ። ንብ ጠርቻለሁ።"

"ይቅርታ ብትላት ምን ነበረበት?" አልኩት።

"ቃሉ ከአፌ አይወጣም፣ ማስረሻ። ንብ ትወጣለች" አለኝ።

በአንድ ወሩ መልስ መጣ። "አንደኛ ዙር። ምንም አልጠራሁም። አጥሬ ሃያ።" ጋሽ ደባልቄ ወረቀቱን ይዞ ግቢ ለግቢ ዞረ። ለሂባ አሳያት፣ ለጥበቃው አሳየው፣ እኔን ሁለት ጊዜ አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ በየደብዳቤው አንድ ዙር ሆነ። ሁለት የቲማቲም ጣሳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ በአንዱ የእሱ ስንጥሮች፣ በሌላው የእሷ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የተሰበረውን ያወጣል። ከጨዋታው ውጭ ሁለቱም አንዲት ቃል አይጽፉም። "ደህና ነሽ?" የለም። "ደህና ነህ?" የለም። እሱ ግን ደብዳቤው ላይ የእጅ ጽሑፏን እያየ "ቀጥ ብሏል፣ አልታመመችም" ይላል።

በሁለተኛው ዙር ከርከሮውን ጠራ፤ እንደሚጠራው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለጥቂት ዙር የእሷ አጥር ረገፈ። ከዚያ ኤሊ አቆመችበት። ኤሊዋ ቀንድ የላትም፣ ቆዳዋ ስድስት ነው። ከርከሮው ግን ሕጉ ነውና በየዙሩ መውጣት አለበት፤ በየወሩ አዲስ አበባን ዞሮ ሄዶ ኤሊ ይገጫል፣ ይመለሳል። ቀጥላ ጎሽ ጠራች። ጎሹ የጋሽ ደባልቄን አጥር ማፍረስ ይችላል፣ የሚጠብቀውም የለም። ጎሹ ግን ቆመ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አራት ዙር "ጎሼ ቆሟል፣ አይወጋም" እያለች ጻፈች።

ጋሽ ደባልቄ "ፈርታ ነው" አለ።

ሂባ ጣሳዎቹን አየች። "ፈሪ አይደለም። ማሸነፍ ይችላል፣ ግን እየጠበቀ ነው።"

"ማንን ነው የምትጠብቀው?"

"አንተን ነዋ፣ ኡስታዝ" አለችው። "ጨዋታ ካለቀ ደብዳቤ ያልቃል።"

ተነስቶ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ይህ ነገር የገባው መስሎኝ ነበር።

የ1996 ክረምት ከባድ ነበር። ሰኔ ላይ ደብዳቤ አልመጣም። ሐምሌ አልመጣም። ነሐሴ አልመጣም። መንገድ ተቆርጧል ብንለው "ከዚህም በፊት ዘንቧል" ይላል። ፖስታ ቤት በየቀኑ ይሄዳል። ጣሳዎቹን ከመስኮት አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። መስከረም ሲጠባ ነገሩ በልቡ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ፤ ትታኛለች፣ ንቃኛለች፣ ሆን ብላ ነው ማለት ጀመረ። ጳጉሜን አልፎ በመጀመሪያው ሰኞ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎ መጣ። ካርድ የለበትም። ቆሞ አነበበልኝ። እዚህ አልደግመውም። በመጨረሻው መስመር ከዚህ በኋላ ልጅ እንደሌለው የሚናገር ነበር።

እኔ ያን ጠዋት ደክሞኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ያንኑ ሮሮ ሰምቻለሁ። አንድ ሰው "ቁጭ በል፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ" ማለት ነበረበት፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። "እንዳሻህ አድርግ" አልኩት። ሄዶ ፖስታ ቤት አስገባው።

ሐሙስ ዕለት የእስከዳር ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ውሃ ነክቶት፣ ሐምሌ ሁለት የተጻፈ ነው። እኔ ሰዓት ስለነበረኝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ጋሽ ደባልቄ በሩን ሳያንኳኳ ገባና ወረቀቱን ሰጠኝ። ተማሪዎቹ ፊት አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ "ጎሼ ዛሬም አይወጋም። አባዬ፣ ኤሊዬን ብታሳርፋት ምን አለ? የጤና ማሠልጠኛው በጥቅምት እንደገና ፎርም ይሰጣል። የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል። ለመስቀል ልምጣ? ትፈርምልኛለህ? ናፍቀኸኛል።"

ሁለታችንም ፖስታ ቤት ሮጥን። በመስኮቱ ያለችው ሴት "ከረጢቱ ማክሰኞ ሄዷል" አለች። መቼ ይደርሳል? "ሁለት ሳምንት። ሲቀናው በሳምንትም ይደርሳል።" ጋሽ ደባልቄ መስኮቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሲቆጣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "አንብባ ከጨረሰች አለቀልኝ" አለ። "እኔ ነኝ የምቀድመው።"

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሄደ። ክፍሎቹን እኔና ሌሎች ተካፍለን ያዝንለት፤ ሒሳብ የሚባል ነገር አላውቅም፣ ተማሪዎቹ አስተማሩኝ። የመንገዱን ነገር በኋላ ነው የነገረኝ። ከመንዲ ወዲያ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አንድ ቀን ሙሉ ቀሩ። ገፉ፣ ድንጋይ አነጠፉ፣ ሊወጣ አልቻለም። እሱ ቦርሳውን ተሸክሞ በእግሩ ቀጠለ፤ የጭነት መኪና አግኝቶ ነቀምት ገባ። ቡሬ ላይ ትኩሳት ያዘው። መንገድ ላይ የፖስታ ከረጢት የጫነ በመሰለው መኪና ሁሉ ላይ ዓይኑን እየተከለ ሄደ። "አንድ ነገር ልንገርህ?" አለኝ። "ያን ከርከሮ ስሠራው ለቁጣው ያስከፈልኩት ትንሽ ነበር። ሁለት መኖ! መንገድ ላይ ሳለሁ ነው የገባኝ።"

ቡለን የደረሰው በስድስተኛው ቀን ነው። እስከዳር ከእኅቱ ከጸሐይ ደጅ ላይ ኑግ ታበጥር ነበር። አባቷን አየችው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ጢሙ አድጓል። ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች፣ ግን አልቀረበችውም። እሱም ስድስት ቀን ሲያጠናው የመጣው ንግግር ጠፋበት።

"ደብዳቤ መጥቷል?" አላት።

"ካንተ? አልመጣም።"

እዚያው ኑጉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ከኋላዬ አንድ ደብዳቤ ይመጣል" አላት። "ካርድ የለበትም።"

"ታዲያ ምን አለበት?"

"ቀንድ ብቻ።"

አንድ እርምጃ ቀረበችው። "ቀንዱ ስንት ነው?"

"ሃያ።"

ሃያ ማለት ሙሉ አጥር ማለት ነው። "ቆዳውስ?" አለችው።

"ምንም የለውም" አለ። ከዚያ ያ ከአፉ የማይወጣው ቃል ወጣ። "በድዬሻለሁ፣ ልጄ። ስለ እናትሽ የተናገርኩት ውሸት ነው፣ አታፍርብሽም ነበር። ፎርሙንም በድዬሻለሁ፣ ደብዳቤውንም በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ" አላት። እስከዳር አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ። ጸሐይ ከቤት ወጥታ ወንድሟን አየችው። "ስድስት ቀን ተጉዘህ መጥተህ ስለ ቀንድና ቆዳ ነው እንዴ የምታወራው? ግባ፣ እግርህን ታጠብ" አለችው።

ደብዳቤው የመጣው በመስቀል ማግስት ነው። ከወረዳው የመጣ ሰው አድርሶት ሄደ። ጋሽ ደባልቄ ፖስታውን ቀድሞ ያዘና ሊቀደው ሲል እስከዳር እጁን ያዘችው።

"አትቅደድ" አለችው። "መቅደድ ይበቃሃል። ስሜ አለበት፣ የእኔ ነው።"

ሰጣት። ሳትከፍት ካርዶቹ ያሉበት ሳጥን ውስጥ ጨመረችው። በጥቅምት ፎርሙ ላይ ፈረመላት፤ ፊርማው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም ብላኛለች። ጨዋታውን አልጨረሱትም። አሶሳ ተመልሶ ካርዶቹን ሲያወጣ ከከርከሮው ሥር ያለችውን "ካልወጋ ይሞታል" የምትለውን በምላጭ ፍቆ "ማረፍ ይችላል" ብሎ ጻፈበት። ሂባ "ታዲያ አሁን ከርከሮ ነው ወይስ ፍየል?" አለችው። ጠመኔ ወረወረባት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙዝ ገዝቶላት መጣ። ሰው እንደ ካርድ አይፋቅም።

ጋሽ ደባልቄ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። እስከዳር ማንኩሽ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት ለፈተና ቁጥጥር ወደዚያ ተልኬ ቤቷ ምሳ ጋበዘችኝ። ከምሳ በኋላ ሳጥኑን አወጣች፤ የጠመኔው ካርቶን ቢጫ ሆኗል፣ ሥዕሎቹ ግን አሉ። ከሥር ያ ፖስታ ወጣ። አልተከፈተም። ማጣበቂያው እንደነበረ ነው።

ገልብጣ ፊቱን አሳየችኝ። በእርሳስ እንደ ካርድ አድርጋ ሞልታዋለች። ቀንድ ሃያ። ቆዳ ባዶ። ከሥር "አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል" ይላል።

"ምን እንደሚል አውቀሽ አታውቂም?" አልኳት።

"አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?"

ያን ሰኞ ጠዋት ቆሞ ሲያነብልኝ ትዝ አለኝ፤ እኔ ያልኩትም ትዝ አለኝ። "አላውቅም" አልኳት። ፊቴን አይታ አመነችኝ አልልም፤ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም። ፖስታውን ተቀብዬ እንደገና አየሁት። በላይኛው ጥግ፣ የሚፈጀው መኖ የሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ ቁጥር የለም። በቀጥተኛው የእጅ ጽሑፏ አንድ ቃል ነው ያለው፦ ተከፍሏል።